ሃይማኖትና ልማድ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን

ሃይማኖት፥ የመንግሥት ሥልጣንና የአገር ልማድ እንደ ሦስት ፈትል በአንድነት ተገምደው የሕዝብን ኑሮ ይዘው የሚኖሩ ናቸው። አንደኛውን ፈትል ለብቻው እስባለሁ የሚል ሰው ሁለቱን ሳያናውጥ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ሥርዓት ይለወጥ፥ ያ ልማድ ይሻር የሚል መሪ ወይም መምህር አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ለራሱ ሊመልስ ይገባዋል፤ ይኸውም እለውጠዋለሁ ያልሁት ነገር ሃይማኖት ነውን ወይስ ልማድ? የሚል ነው። ሃይማኖት ከሆነ በትምህርትና በምስክርነት እንጂ በግዳጅ አይጸናም፤ ልማድ ብቻ ከሆነም ስለ እርሱ ሕዝብን እስከ ደም ማስጨነቅ ምን ይረባል?

ይህን ጥያቄ ሳይመረምሩ መቸኰል የሚያደርሰውን ጥፋት የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አጥርቶ ያስተምረናል። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በሁለት ወገን ጠብ አምሳል ነው፤ በአንድ ወገን ኢትዮጵያ፥ በሌላው ወገን ሮማ ትቆማለች። እውነቱ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። በካቶሊክ መምህራን መካከልም ስለ መንግሥት ሥልጣን፥ ስለ ምግባርና ስለ ልማድ መለወጥ እርስ በርሱ የማይስማማ አሳብ ነበረ፤ የዚያ ዘመን መከራም የመጣው ከነዚህ አሳቦች አንዱ ሌላውን ባሸነፈ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ከዐፄ ሱስንዮስ በፊት ነው። በ1541 በክርስቶፎር ዳ ጋማ መሪነት የመጡት የፖርቱጋል ወታደሮች ከግራኝ አሕመድ ጋራ ተዋግተው ስለ ኢትዮጵያ ደማቸውን አፈሰሱ። ግራኝም በ1543 ከሞተ በኋላ በሮማና በሊዝቦን የነበሩ ሰዎች ኢትዮጵያ ከሮማ መንበር ጋራ አንድ የምትሆንበት ጊዜ ቀረበ ብለው ተስፋ አደረጉ። ዐፄ ገላውዴዎስ ግን በ1555 የሃይማኖታቸውን ቃል ጽፈው ገለጡ። በዚህም ጽሑፍ የእምነታቸውን መሠረት ካስረዱ በኋላ፥ የውጭ አገር መምህራን የአይሁድ ሥርዓት ነው እያሉ ስለሚነቅፏቸው ስለ ሦስት ነገሮች መልስ ሰጡ፤ ስለ ቀዳሚት ሰንበት፥ ስለ ግዝረትና የእሪያ ሥጋ ስላለመብላት። ቀዳሚትን የሚያከብሯት አይሁድ እንደሚያከብሯት እንዳልሆነ፥ ግዝረትም በአንዳንድ አገር ፊትን እንደ መብጣት ያለ ልማድ እንደ ሆነ፥ የእሪያን ሥጋ መብላትና አለመብላትም ለየሰው የተተወ ነገር እንደ ሆነ አስረዱ። እንግዲህ ንጉሡ ሃይማኖትንና ልማድን በየስፍራቸው ለይተው አስቀመጡ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ለተሾሙት ለዮሐንስ ኑኔስ ባሬቶ ምክር ጽፈው ነበር። የምክራቸውም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሕዝቡ ለብዙ ዘመን የለመደውን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ለመንቀል አትቸኵሉ፤ በፍቅርና በለዘብታ፥ ነፍስን ሳታስጨንቁ፥ ቀስ በቀስ አስተምሩ የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ ማለት ይገባል። ንጉሡ በኢትዮጵያ፥ መነኩሴው በሮማ ሆነው፥ ምንም በሃይማኖት ነገር ባይስማሙ፥ ልማድን በኀይል መንካት እንደማይገባ ግን ወደ አንድ አሳብ ተጠግተው ነበር።

ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያዩ ሞቱ። በ1557 የገቡት ኤጲስ ቆጶስ እንድርያስ ዘኦቪዶ ግን የምክሩን መንገድ አልጠበቁም። ከንጉሡና ከሊቃውንቱ ጋራ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ1559 የኢትዮጵያን ሥርዓት የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጡ፤ ያን ጊዜም የጉባኤው ክርክር ወደ ጠብ ተለወጠ። ዐፄ ገላውዴዎስ በዚያው ዓመት በጦርነት ወደቁ፤ ኦቪዶም በትግራይ ፍሬሞና በተባለ ስፍራ በድኽነት ኖረው በ1577 ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ያለ ፍሬ አለቀ።

ሁለተኛው ሙከራ የተጀመረው በአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ነው። እኒህ ሰው በ1564 በስፔን አገር ተወለዱ። በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሲጓዙ በዐረብ ጠረፍ ተይዘው በየመን አገር ሰባት ዓመት በምርኮ ኖሩ። ከምርኮ ከተለቀቁ በኋላ አሳባቸውን ሳይለውጡ በ1603 በምጽዋ በኩል ገብተው ፍሬሞና ደረሱ። ግዕዝና አማርኛ ተምረው፥ ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። የሰውን ልብ የሳቡት ከወታደር ጋራ መጥተው አልነበረም፤ በዕውቀታቸው፥ በእጃቸው ሥራና በትዕግሥታቸው ነበር።

ወዲያው ዐፄ ዘድንግል አስጠርተው ትምህርታቸውን ሰሙና ልባቸው ተማረከ። ንጉሡም ሳይውሉ ሳያድሩ ቀዳሚት ሰንበት እንዳትከበር ለማወጅ ተነሡ። አባ ፓኤዝ ግን ይቈዩ፥ ሕዝቡ ሳይማር ዐዋጅ አይውጣ ብለው መከሩ። ምክሩ አልተሰማም። ዘሥላሴ የተባለው መኰንን ሸፈተ፤ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ንጉሡን አውግዘው ወታደሩን ከመሐላው ፈቱት። ዐፄ ዘድንግል በ1604 በጦር ሜዳ ተገደሉ። ንግሣቸው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ከሮማ የመጣው መምህር ይቈይ እያለ የኢትዮጵያ ንጉሥ መቸኰሉ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው፤ መምህሩ የሚያስበው ስለ ነፍስ ነበር፥ ንጉሡ ግን ስለ ነፍስም ስለ ዙፋንም ያስቡ ነበር።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1607 በጎል ጦርነት ዐፄ ያዕቆብን ድል አድርገው ዙፋኑን ያዙ፤ በዚያ ጦርነት ከያዕቆብ ጋራ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። አዲሱ ንጉሥ ብልህና ጦረኛ ነበሩ፤ ነገር ግን መኳንንቱ በየአገሩ ይሸፍቱባቸው ነበር፥ የጳጳሱም ውግዘት ንጉሥን ሊያወርድ እንደሚችል በዐፄ ዘድንግል ላይ አይተዋል። ከፖርቱጋል ወታደር ቢመጣ ዙፋኔ ይጸናል ብለው ለአውሮፓ ነገሥታት ጻፉ። ወደ ሮማ ሃይማኖት ያዘነበሉት በእውነት በትምህርቱ ተማርከው ነው ወይስ ለመንግሥታቸው ጥቅም ብለው ነው? የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሥራቸውን ስናይ ግን ሁለቱም ምክንያቶች በአንድ ልብ ውስጥ አብረው እንደ ኖሩ እንረዳለን። ችግሩም ከዚሁ መጣ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ የንጉሡን ሃይማኖትና የንጉሡን ፖለቲካ ለይቶ ሊያይ አልቻለም። የተጠበቀውም ወታደር ከቶ አልመጣም።

የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በ1612 ካቶሊክ ሆኑ። በየጊዜውም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው በትምህርት ብቻ ቢቀር መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከጉባኤው በኋላ ሁለት ባሕርይ የማይል ይቀጣል የሚል ትእዛዝ ተከተለ። ያን ጊዜ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን አወገዙ፤ የንጉሡ አማች የትግራይ ገዥ ዮልዮስም ሃይማኖቴን ብሎ ጦር አነሣ። በ1617 በተደረገው ውጊያ ዮልዮስም ጳጳሱም ተገደሉ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጳጳሳት በጦር ሜዳ ሞቱ ማለት ነው። ጳጳስ በጦር ሜዳ መገኘቱ ራሱ የዘመኑን በሽታ ያሳያል፤ ንጉሡ ወደ መቅደስ እንደ ገቡ ሁሉ ጳጳሱም ወደ ሰፈር ወጥተዋልና።

በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ ለአባ ፓኤዝ ንስሓ ገብተው ካቶሊክነታቸውን በግልጥ አሳወቁ። ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ሚስቶች ነበሯቸው፤ ከአንዲቱ በቀር ሌሎቹን አሰናበቱ። በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ብለን ብንመለከት ይጠቅማል። አንድ ወንድ በአንዲት ሴት መጽናት የሮማም የእስክንድርያም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ ካህናትም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ንጉሡ በራሳቸው ቤት ያደረጉት ይህ የምግባር ለውጥ ዐዋጅና ሰይፍ ሳያስፈልገው ተፈጸመ። መንግሥታዊው ሥራ ሁሉ በዚህ ዓይነት ቢቀጥል፥ ማለት ንጉሡ በምግባር ምሳሌ ሆነው ሌላውን ለትምህርት ቢተዉት ኖሮ፥ የብዙ ሰው ደም በዳነ ነበር። አባ ፓኤዝ ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በጎርጎራ ሞቱ።

በእርሳቸው ፈንታ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ናቸው። በ1625 በደንከል በረሓ አቋርጠው ገቡ፤ በ1626 በየካቲት ወር በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ንጉሡ በፊታቸው ተንበርክከው ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ፤ መኳንንቱም ተከትለው ማሉ። ፓትርያርኩ ሊቅና ለሃይማኖታቸው ቀናተኛ ነበሩ፤ ክፉ ሰው ነበሩ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቅዱስ ኢግናጥዮስ የመከሩትንና አባ ፓኤዝ በሥራ ያሳዩትን ትዕግሥት ይዘው አልመጡም። ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ፥ አብያተ ክርስቲያናት ዳግመኛ እንዲባረኩ ታዘዘ። ግዝረት ተከለከለ፤ የቀዳሚት ሰንበት ክብር ተሻረ፤ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቈጣጠር እንዲሆን፥ ቅዳሴውም ወደ ላቲን ሥርዓት እንዲለወጥ ተደረገ። ዐፄ ገላውዴዎስ ልማድ ነው ያሉትን ሁሉ ፓትርያርኩ እንደ ክሕደት ቈጠሩት።

የገጠሩ ገበሬ በሁለት ባሕርይና በአንድ ባሕርይ ክርክር ምን ያህል ይገባ ነበር? ምናልባት በጥቂቱ ነው። ነገር ግን ዳግመኛ ተጠመቅ ሲሉት፥ እናቱና አባቱ ሳይጠመቁ ሞቱ እንዳሉት ያህል ሰማው። ቄሱ ዳግመኛ ይሾም ሲባል፥ እስከ ዛሬ የተቀበለው ቍርባን፥ የተፈታበት ንስሓ፥ የተዳረበት ተክሊል ሁሉ ከንቱ ነበረ ማለት መሰለው። የጾሙ ቀን ሲዛወር ከጎረቤቱ ጋራ በአንድነት የሚጾምበትና የሚፈታበት ማዕድ ተናጋ። ዐዋጁ የጻፈው ስለ ሥርዓት ነው፤ ሕዝቡ ያነበበው ግን ስለ ሙታኑ ነበር። ስለዚህ ልማድን በኀይል መንካት የሃይማኖትን ያህል ያስቈጣል፤ አብዛኛው ሰው ሃይማኖቱን የሚይዘው በልማዱ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ነውና፤ ዕቃው ሲሰበር በውስጡ ያለው የሚፈስስ ይመስለዋል።

እምቢታውም ከጦረኞች ብቻ አልመጣም። ከቤተ መንግሥት ወይዛዝርት ብዙዎቹ በአሮጌው ሃይማኖታቸው ጸንተው ቆሙ። ከነዚህም ስማቸው የታወቀው ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። በ1592 ከታላላቅ ቤተ ሰብ ተወልደው የንጉሡን አማካሪ አግብተው ነበር። ንጉሡ ወደ ሮማ ሃይማኖት ባዘነበሉ ጊዜ ትዳራቸውንና የቤተ መንግሥቱን ክብር ትተው መነኰሱ፤ የንጉሡንም ትእዛዝ በግልጥ ተቃወሙ። ተከሰው ቀረቡ፥ ተጋዙ፥ አልተመለሱም። በጣና ዙሪያ ብዙ ወንዶችና ሴቶች መነኰሳትን ሰብስበው በ1642 ዐረፉ፤ ገድላቸውም ከዕረፍታቸው በኋላ በ1672 ተጻፈ። ሰይፍ ያልነበራቸው አንዲት መነኩሲት፥ ንጉሥ ከነሠራዊቱ ሊያንበረክካቸው አልቻለም።

በየአውራጃው ዐመፅ ተከታተለ። በትግራይ የንጉሡ ሌላው አማች ተክለ ጊዮርጊስ ተነሣ፤ ተይዞም ተሰቀለ። በላስታ መልክአ ክርስቶስን መሪ ያደረጉ ባላገሮች ለብዙ ዓመት ተዋጉ። ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ሲያልቅ አይተው፥ የቀድሞው ቅዳሴና ጾም እንዲመለስ ፓትርያርኩን ለመኑ። ጥቂት ነገር ተፈቀደ፤ ነገር ግን ንጉሡ ይህን በራሳቸው ዐዋጅ ስላስነገሩት ፓትርያርኩ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ተነካ ብለው ተቈጡ። አገሩ በእሳት ሲነድ ዙፋኑና መንበሩ ዐዋጁን ማን ይንገር ብለው ይከራከሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ፈረስ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ልጓሙ የማን ነው የሚል ጠብ መምጣቱ የማይቀር ነው።

በ1632 በሰኔ ወር ንጉሡ በወይና ደጋ ከላስታ ሰዎች ጋራ ገጥመው ድል አደረጉ። የሞቱት 8000 ያህል ነበሩ ይባላል። ከድሉ በኋላ የንጉሡ ልጅ ፋሲለደስና መኳንንቱ ሬሳ በሞላበት ሜዳ ላይ ሆነው፥ እነዚህ የሞቱት የገዛ ክርስቲያን ወገኖቻችን እንደ ሆኑ ለንጉሡ እንዳመለከቱ ይተረካል። የድል ነጋሪት የሚመታበት ቀን የልቅሶ ቀን ሆነ። በዚያው ወር ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው አስረከቡ፤ በመስከረም ወርም ሞቱ። እርሳቸው ራሳቸው ግን ካቶሊክ እንደ ሆኑ ሞቱ ይባላል። እንግዲህ እኒህ ንጉሥ ዘግይተውም ቢሆን ትልቁን ትምህርት ተማሩ፤ የራሳቸውን እምነት ለራሳቸው ይዘው፥ ሕዝቡን ለእምነቱ ተዉት። ይህን በመጀመሪያ ቢያደርጉት ኖሮ ታሪካቸው ሌላ በሆነ ነበር።

ፍትሕ እንዳይጓደል የኋላውንም መጻፍ ይገባል። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን በመጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፥ ኋላም ከአገር አስወጡ፤ ፓትርያርክ ሜንዴዝ በጎዓ ሞቱ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ተግዘው ተገደሉ። ኤጲስ ቆጶስ አፖሊናር ዘአልሜዳ በ1638 ተሰቀሉ፤ በዚያው ዓመት ከሮማ የተላኩ አጋታንጅና ካስያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኰሳት ተሰቀሉ። እኒህ ሁለቱ ከቀድሞው ግዳጅ እጃቸው ንጹሕ ነበር። ሰይፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ወደ አፎቱ አልተመለሰም። በዚያ ዘመን የተነሣው የባሕርይ ክርክርም የውጭዎቹ መምህራን ከሄዱ በኋላ በራሳችን ሊቃውንት መካከል የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር ሆኖ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከ 1878 ድረስ አወከን፤ ያን ጊዜም ጉባኤው በንጉሥ ትእዛዝ ተዘጋ፥ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ተገደዱ። ስለዚህ በሱስንዮስ ዘመን የተደረገውን ሁሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጠባይ ብቻ ማድረግ ከእውነት መራቅ ነው፤ ዐዋጅን በትምህርት ፈንታ ማስቀመጥ በየትኛውም ወገን የሚገኝ ፈተና ነው።

ከዚያ ሁሉ ለውጥ የትኛው ቀረልን? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያስደንቃል። በዐዋጅ የመጣው ሁሉ በዐዋጅ ሄደ። ሳይታወጅ የመጣው ግን ቀረ። በዚያ ዘመን በኖራ መገንባት ታወቀ፤ ኋላም የጎንደር ግንብ በዚህ ጥበብ ተሠራ። ከጢስ ዐባይ በታች በአላታ ላይ በሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ዛሬም ቆሞ ሰው ይሻገርበታል፤ የሚሻገረውም ሰው ሃይማኖቱን አይጠየቅም። ኢየሱሳውያን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ለማስተማር በአማርኛ ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ለመልሱ በአማርኛ ጻፉ፤ ስለዚህ እስከዚያ በአፍ ብቻ የሚነገር ይመስል የነበረው ቋንቋ ለነገረ መለኮት ክርክር ብርዕ ያዘ። ሰው የሚጠቅመውን ነገር በፈቃዱ ሲቀበለው የራሱ ያደርገዋል።

በሮማስ ምን ተደረገ? ዐፄ ሱስንዮስ ንስሓ በገቡበትና አባ ፓኤዝ በሞቱበት በ1622 ዓመት በሮማ ወንጌልን የማስፋፋት ጉባኤ ተቋቋመ። የዚህ ጉባኤ አንዱ ዓላማ የሚሲዮንን ሥራ ከነገሥታት እጅ አውጥቶ በቤተ ክርስቲያን እጅ ማድረግ ነበር። ይኸው ጉባኤ በ1659 ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለሚሄዱ ጳጳሳት መመሪያ ሰጠ፤ ሃይማኖትንና መልካም ምግባርን በግልጥ የሚቃወም ካልሆነ በቀር የሕዝቡን ልማድ አትለውጡ፥ የአውሮፓን አገር ልማድ ይዛችሁ አትሂዱ፥ በመንግሥት ጉዳይም አትግቡ የሚል ነው። ከደንቀዝ መሐላ በኋላ 33 ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በአንድ ቀን አልተያዘም። የቻይና ክርስቲያኖች ለአባቶቻቸው የሚያደርጉትን አክብሮት ሮማ በ1704፥ በ1715ና በ1742 ከለከለች፤ በ1939 ደግሞ ፈቀደች። ልማድን ከሃይማኖት ለመለየት እዚያም ከ200 ዓመት የበለጠ ጊዜ ፈጀ።

በኢትዮጵያ ግን የ1659ኙን መንገድ በኑሯቸው ያሳዩ ሰው ከ180 ዓመት በኋላ መጡ። እርሳቸውም ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዘያዕቆብ ናቸው። በ1839 ዐድዋ ደረሱ። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፥ እንደ አገሩ መነኰሳት ለበሱ፥ ካህናቶቻቸው በላቲን ሳይሆን በግዕዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ አደረጉ። ንጉሥ አልተከተላቸውም፥ ወታደርም አልጠበቃቸውም። ከተከተሏቸው አንዱ የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሃይማኖታቸውን እንዲተዉ ተገድደው እምቢ ስላሉ በእግር ብረት እንደ ታሰሩ በ1855 ሞቱ።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ወለተ ጴጥሮስንና አባ ገብረ ሚካኤልን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመልከት። አንደኛዋ ካቶሊክ አልሆንም ብለው ተጋዙ፤ ሁለተኛው ካቶሊክነቴን አልተውም ብለው ታሰሩ። በሃይማኖት ነገር ቢገናኙ ኖሮ በብርቱ በተከራከሩ ነበር። ለንጉሥ የሰጡት መልስ ግን አንድ ነው፤ ይህ ነገር የንጉሥ ፈንታ አይደለም የሚል ነው። ወለተ ጴጥሮስን የሚያከብር ኦርቶዶክሳዊ የገብረ ሚካኤልን ሰንሰለት ሊያከብር ይገባዋል፤ ገብረ ሚካኤልን የሚያከብር ካቶሊክም የወለተ ጴጥሮስን ግዞት ሊያከብር ይገባዋል። የአንዱን ወገን ሰማዕት ብቻ የሚያይ ሰው ሰማዕትነትን ሳይሆን ወገኑን ያከበረ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በጊዜው ይህን በሕግ አጸናች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1894 የምሥራቅ ክርስቲያኖችን ሥርዓታቸውን አስጥለው ወደ ላቲን ሥርዓት የሚስቡትን ካህናት የሚቀጣ ትእዛዝ አወጡ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓታቸውን እንዲጠብቁ አዘዘ፤ በ1965ም ማንም ሰው በሃይማኖት ነገር ከማንኛውም ሰብአዊ ሥልጣን እንዳይገደድ ተናገረ። ዛሬ በኢትዮጵያና በኤርትራ የግዕዝ ሥርዓት ያላቸው ካቶሊካውያን ፓትርያርክ ሜንዴዝ ሊለውጡት በፈለጉት በዚያው ሥርዓት ይቀድሳሉ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው የጥንቱን ቍስል ለመቀስቀስ አይደለም። በዘመናችንም ልማድ በፍጥነት ይለወጣል፤ የወጣቱ አለባበስና አነጋገር፥ የጋብቻና የለቅሶ ሥርዓት፥ የጾምና የበዓል አከባበር ትላንት እንደ ነበረ አይገኝም። ይህ የሚያሳዝነው ካህን ወይም ምሁር ሁለት ፈተና ይመጣበታል። አንደኛው የመጣውን ልማድ ሁሉ ክሕደት ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መንግሥት በዐዋጅ ይከልክልልን ማለት ነው። የመጀመሪያው የፓትርያርክ ሜንዴዝ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ሱስንዮስ ነው። መንግሥት የሰውን ሕይወት፥ ንብረትና መብት ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ሌባንና ነፍሰ ገዳይን ሊቀጣ ይገባዋል። ነፍስን ግን ሊያሳምን አይችልም፤ ያሳመነ ቢመስለውም ያገኘው ፍርሃት ነው፥ ፍርሃትም ጌታውን ሲለውጥ ጊዜ አይፈጅበትም።

ምግባር ተበላሸ የምንል እኛ አስቀድመን በየቤታችን እንጀምር። ካህኑ በትምህርቱና በኑሮው፥ አባት በትዳሩ፥ ነጋዴ በሚዛኑ፥ ጸሓፊ በብርዑ ምሳሌ ይሁን። አባ ፓኤዝ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲደክሙ ያገኙትን ፍሬ የስድስት ዓመት ዐዋጅ አጠፋው። ትዕግሥት የሚሠራው ሥራ የዘገየ ይመስላል፤ ነገር ግን የአላታ ድልድይ እስከ ዛሬ ሰው ሲያሻግር፥ የደንቀዝ መሐላ ግን ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፈረሰ።